በእጅ ያልተፈታው ብሎን

አንድ ሰው ነበር። ስሙን ልተወው። ታሪኩን እንድናገር የፈቀደችልኝ ባለቤቱ ናት፤ የእሷን ስም ብጠራ እንደማይከፋት ነግራኛለች፤ የእሱን ግን እንድተወው ለምናኛለች። እሷ አስናቀች ትባላለች።

አዳማ ነው የሚኖሩት። አሮጌ መኪና አለቻቸው። ሰውዬው ጋራዥ መሄድ አይወድም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፎ ከሥሯ እየገባ ራሱ ይጠግናታል። ይኼ ክፉ ልማድ አይደለም፣ ወገኖቼ። ለቤቱ በእጁ የሚደክም ሰው የሚመሰገን ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ የኋላውን ፍሬን ሊሠራ ጎማ መፍታት ጀመረ። አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ አለው። ታገለው። ዘይት አፈሰሰበት፣ በመዶሻ መታው፣ መፍቻው ላይ ቆመበት። መዳፉ ተላጠ። በመጨረሻ ተፈታለት፤ እሱ ግን ውስጡ ተናዶ ቀረ። ከእንግዲህ ብሎን አያሸንፈኝም ብሎ እልህ ያዘው።

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ አስናቀችን ይዞ ገበያ ወረደ፤ በባትሪ የሚሠራ የብሎን መፍቻ ሊገዛ። አይታችሁት ይሆናል። እንደ ሽጉጥ ነው የሚያዘው። ቃታውን ሲስቡት እየነረተ ይፈታል። አቅጣጫውን ሲቀይሩት ደግሞ እየነረተ ያስራል። ጎሚስታ ቤት ድምፁን ሰምታችሁታል።

ነስሩ የሚባል ባለሱቅ ትንሹንም ትልቁንም አውጥቶ ደረደረላቸው። አስናቀች መካከለኛውን አነሣችና በእጇ ገለበጠችው። ቀለል ያለ ነው፤ ጉልበቱን የሚቀንሱበት ቁልፍም አለው። እሷም መኪናዋን ትነዳለች። ጎማ መቀየር ያስተማራት እሱ ራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ልጆቿን ጭና ስትሄድ ጎማ ተንፍሶባት፣ ማንንም ሳትለምን ቀይራ ገብታለች። ስለዚህ ይኼኛው ይሻላል፣ ለእኔም እጅ ይሆናል አለችው።

ሰውዬው ግን ትልቁን አንሥቶ ነበር። ነስሩን የጠየቀው ከሁሉ የሚበረታው የቱ ነው ብሎ ብቻ ነው።

«የምሠራበት እኔ ነኝ» አላት ለሚስቱ።

በክፋት አልነበረም። ፈገግ ብሎ ነው ያላት። እሷም አልተከራከረችም። ስንት ቤት ነው እንዲህ ያለ ነገር በፈገግታ ተብሎ፣ በዝምታ ታልፎ የሚቀረው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰውዬው ማሽኑን አወጣ። ያን የዛገ ብሎን ቢያገኝ ምንኛ በወደደ! ሁሉንም ጎማ ፈታ። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረ። መልሶ ሲያስር ቃታውን ይዞ አልለቅ አለ። ብሎኑ ቦታው ደርሶ ቆሟል፤ እሱ ግን ይጨምርበታል። ማሽኑ እያጓራ ይነርታል፤ እሱ ይጨምርበታል። የጎረቤት ሰው አጥር ላይ ተደግፎ እያየው ነበርና፣ ሰውዬው ከእንግዲህ ማንም አይነቅለውም ብሎ ፎከረለት።

እውነቱን ነበር።

ጊዜ አለፈ። አንድ ጠዋት ከአሰላ ስልክ ተደወለ። የአስናቀች አባት አባባ ሽብሩ ከታመሙ ቆይተው ነበር። የደወለችው ታናሽ እህቷ ተናኜ ናት። አባባ እንደደከሙ፣ ሌሊቱን ሙሉ የአስናቀችን ስም ሲጠሩ እንዳደሩ፣ አሁኑኑ እንድትነሣ ነገረቻት። ባልየው ለሥራ መተሐራ ወርዷል። ስትደውልለት፣ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ በአውቶቡስ እከተልሻለሁ አላት። ነጠላዋን ደርባ መኪናዋን አስነሥታ ወጣች።

ዴራን እንዳለፈች የኋላው ጎማ ተነፈሰ።

አልደነገጠችም። ለምን ትደነግጣለች? ታውቅበታለች። ዳር ይዛ ቆመች። መለዋወጫውን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ አወረደች፣ ክሪኩን አወጣች፣ በእጅ የሚዞረውን ጎማ መፍቻ አወጣች። ብሎኑ ላይ ገጠመችው። ገፋች። ንቅንቅ አላለም። እግሯን አደረገችበት። ንቅንቅ አላለም። ወደ ሌላው ሄደች። ያም ያው ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ መፍቻው ላይ በሁለት እግሯ ቆማ በመላ ክብደቷ ጫነችው። ተንሸራትታ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ጉልበቷ ደማ።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር አይቷት ቆመ። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጉልበትም አለው። እሱም ታገለ። የመፍቻው አፍ ተከፈተ እንጂ ብሎኑ አልተከፈተም። በምን ነው ያሰሩት ብሎ ጠየቃት። ተሳፋሪዎቹ ሲጠሩት፣ ወደ አሰላ ሳይሆን ወደ አዳማ የሚወርድ ነበርና፣ ይቅርታ ጠይቋት ሄደ።

ለባሏ ደወለች።

«ወደ ግራ ነው የምታዞሪው?» አላት።

«ወደ ግራ ነው።»

ማሽኑን ይዞ ያጠበቀበት ቅዳሜ ታየው። ገብቶታል።

ወገኖቼ፣ መኪናዋን ትታ ለምን ወዲያው አልሄደችም ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄአታለሁ። የማታውቀው ነገር ቢሆን ወዲያው ትታው ትሄድ እንደነበር ነገረችኝ። የምታውቀው ሥራ ስለሆነ ነው የያዛት። አሁን ይፈታል፣ አሁን ይፈታል እያለች ፀሐይዋ አናቷ ላይ ደረሰች። በመጨረሻ መኪናዋን መንገድ ዳር ለሚኖሩ አንድ ገበሬ አደራ ብላ፣ እህል የጫነ አይሱዙ አስቁማ ተሳፈረች።

አሰላ ገብታ ወደ አባቷ ቤት ስታቀና ሰዎች በር ላይ ቆመው አየች። አልተቀመጡም። አያወሩም። ተናኜ ወጥታ አቀፈቻት። አባባ ሽብሩ አርፈዋል።

ተናኜ ኋላ ላይ ነው የነገረቻት። አባባ እስከ መጨረሻው አእምሯቸው አልተለያቸውም። በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ዓይናቸውን ይገልጡ ነበር። ደረሰች ወይ ብለው ይጠይቃሉ። መንገድ ላይ ናት ይሏቸዋል። እሺ ብለው መልሰው ይጨፍናሉ። ሊነግሯት የፈለጉት ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ባልየው አመሻሹ ላይ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ከቀብር በኋላ፣ ሰው እየቀነሰ ሲሄድ፣ ጓሮ ወስዶ ይቅርታ ለመናት።

አልጮኸችበትም። እንዲህ ነው ያለችው፦

«ስታስረው እኔ ትዝ አላልኩህም። የከፋኝ እሱ ነው።»

ለቅሶው ሲያበቃ ሰውዬው ወደ አዳማ ተመልሶ ማሽኑን ይዞ ዴራ ሄደ። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ተንበረከከ። ብሎኑ ላይ ገጥሞ ቃታውን ሳበ። ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ተፈታ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ሚስቱን በጠራራ ፀሐይ ያታገለ ነገር በአንድ ጣት ሲፈታ አየ። መንገድ ዳር፣ መኪና እያለፈ፣ ገበሬው እያዩት፣ የተነፈሰውን ጎማ ተደግፎ አለቀሰ።

ሲበቃው ተነሣና ስኮርታውን ገጠመ። ማሽኑን አልነካም። ከቤት ባመጣው በእጅ መፍቻ፣ በልክ አሰረ። ቤት ከገባ በኋላም የቀሩትን ጎማዎች አንድ በአንድ ፈትቶ በእጁ አሰራቸው። ከዚያ አስናቀችን ጠርቶ መፍቻውን ሰጣትና እስቲ ፍቺው አላት። ተቀበለችው። ገፋች፤ ተፈታ።

«ይፈታል» አለች። መልሳ አሰረችው።

እስከ ዛሬ መኪናዋን በነካ ቁጥር ሳይጠራትና ሳያስሞክራት ሥራውን አይጨርስም።

ወገኖቼ፣ ይኼ ሰው ሚስቱን የሚጠላ ሰው ነበር? አልነበረም። ሰነፍ ነበር? አልነበረም። ጎማው እንዳይወልቅባት፣ መንገድ ላይ እንዳትወድቅበት ብሎ ነው ያጠበቀው። ለእነሱ ደኅንነት ያደረገ መስሎት ነው። ነገር ግን ማሽኑ ለእሱ ጉልበት ሲጨምርለት ከእሷ ጉልበት ወሰደባት። ትናንት ትችለው የነበረውን ዛሬ እንዳትችል አደረጋት። እሱም ይኼን አላየም፤ ምክንያቱም መሣሪያውን ሲመርጥ በቤቱ ውስጥ ስንት እጅ እንዳለ አልቆጠረም።

እናንተስ?

ጉልበት የብረት ብቻ አይደለም። አንተ አባት፣ ድምፅህ ጉልበት ነው። ከዚህ በኋላ ይኼ ነገር በዚህ ቤት አይነሣ ብለህ የዘጋኸው ነገር አለ። ልጅህ ሊነግርህ የሚፈልገው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። አንተ በአንድ ቃል ልትከፍተው ትችላለህ። እሱ ግን ዓመት ሙሉ ቢታገል አይከፈትለትም።

አንቺ እህቴ፣ ኩርፊያሽ ጉልበት ነው። ስታኮርፊ ቤቱ ሁሉ ጸጥ እንደሚል ታውቂያለሽ። ይቅርታ ሊጠይቅሽ የመጣው ሰው መግቢያው ጠፍቶት ስንት ጊዜ ከደጅሽ ተመልሷል?

እኛ ደግሞ፣ በዚህ የእግዚአብሔር ቤት ያለን አገልጋዮችና ሽማግሌዎች፣ ሥልጣናችን ጉልበት ነው። አንድን ወጣት ስላጠፋ አግልለነዋል። ማግለላችን ልክ ነበር እንበል። የሚመለስበትንስ በር እሱ በሚደርስበት ቁመት ነው ያደረግነው? ወይስ እኛ ብቻ በምንደርስበት?

እግዚአብሔር ከሁላችን ይበረታል። የእሱን ብርታት የሚለካ የለም። ግን ሕፃን ልጅ የሚጸልየውን ጸሎት ይሰማል። ቃል የጠፋባት ሴት በእንባ የምታንኳኳውን በር ይከፍታል። ብርታቱ ደካማውን ደጅ አያስቀርም። እኛ ከማን ተምረን ነው ደካማው የማይፈታውን የምናስረው?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። በጉልበት ከእናንተ ከሚያንሰው ሰው አጠገብ ተቀመጡ። ልጃችሁ ሊሆን ይችላል፤ ሚስታችሁ፣ ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ፣ ያረጁ እናታችሁ። ምን አክብጄብሃለሁ፣ ምን አጥብቄብሻለሁ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። መልሱ ቢያማችሁም አትከራከሩ። የበኩላችሁን ምክንያት አትደርድሩ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ ተነሡና ፍቱት፤ ነገ አትበሉ።

አሁን እንጸልያለን። አሜን ለማለት ግን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ያጠበቃችሁበትን ያን ሰው በልባችሁ በስሙ ጥሩት።