ርግብ በእግሯ የመጣች ዕለት

ተረት ተረት! «የኛው ቤት!» በሉኝ።

እኛ ዝንጀሮዎች ወንዝ ዳር ስንኖር መልእክተኛችን እመት ኤሊ ነበረች። ቀርፋፋ ብትሆንም ታማኝ ናት። ኋላ ጎረቤቶቻችንን አይተን ፈጣኗን ርግብ ቀጠርንና «እኛም ሠለጠንን!» ብለን ስንጨፍር ዋልን። ደንባችንን ግን አልነካነውም፤ ለአለቃችን ወሬ የሚደርሰው በኤሊ በኩል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ርግብ ከደጋው ጎርፍ ሲወርድ አየች። እየበረረች ጉብታው ላይ ወደምትቀመጠው ኤሊ መጣችና፣ «እመት ኤሊ፣ ጎርፍ መጣ! በርሬ ለአለቃ ልንገራቸው?» አለቻት።

«ኧረ በደንቡ ነው እንጂ ልጄ! አብረን እንሄዳለን» አለች ኤሊ።

ርግብ ምን ታድርግ፣ ክንፏን አጥፋ ከኤሊ ጎን ጎን አዘገመች።

ውሃው ዳር ሲደርሱ፣ ለክረምት ያጠራቀምነው እህል ከነጎተራው ሄዷል። እኛ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለን እንንቀጠቀጣለን። ኤሊ አንገቷን አውጥታ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «ጌታዬ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው» ስትል አስታወቀች።

አለቃችን ቅርንጫፉ ላይ እንደተቀመጠ ጭራውን እየጨመቀ፣ «ደርሶናል» አላት።

ተረቴን መልሱ፣ የረጠበ ጭራዬን አብሱ።