ስምንቱ ባዶ ደቂቃ

በአንድ ወቅት፣ ሐሙስ በመጣ ቁጥር መንገድ የሚታነቅበት አገር ነበረ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። አስፋልቱ ከጎሽ ሜዳ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ አንድ ጠባብ ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያ ሽቅብ ወጥቶ ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ ይገባል። ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው ሁሉ ድልድዩ ላይ ሲገጣጠም አንዱም አያልፍም። ስንት በሽተኛ እዚያ ሰልፍ ላይ እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቀው።

በዚያ አገር ይርዳው የሚባል ባለጋሪ ነበረ። ጸሎቱን ሳያደርስ ፈረሱን የማይጠምድ፣ ትምህርቱን ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ከሰው ጋር የማይጣላ ሰው ነው። ሚስቱ አስናቁ በተጋቡ በአሥር ዓመታቸው አርግዛ ነበር። እሱ በሕይወቱ ብዙ ነገር አልለመነም፤ ይህችን አንዷን ነው የለመነው። ወደዚህ ልጅ ጉዳይ ሦስት ሰዎች እንዴት እንደገቡ ልንገራችሁ።

አንደኛው ኢዮስያስ ይባላል። ከአዲስ አበባ የተላከ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው ድልድይ አልሠራም፣ ድንጋይ አላስፈለጠም። ላፕቶፑን ከፍቶ መንገዱን ከነቁልቁለቱ ከነድልድዩ ሣለና መኪናዎቹን ለቀቀበት። ሲሙሌሽን ነው የሚለው። ገና ያልመጣውን ሐሙስ እንደመጣ አድርጎ ማየት ማለት ነው። አንዱን ሐሙስ መቶ ጊዜ ያስኬደዋል፣ መቶ ጊዜም አንድ ዓይነት አይሆንለትም። በመጨረሻ ባለሥልጣኖቹ ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦ «ከባድ መኪናና ጋሪ ከቁልቁለቱ አፋፍ ያለው ሜዳ ላይ ይቁም፣ በየተራ ይለቀቅ። በተራና በተራ መሃል ደግሞ መንገዱ ስምንት ደቂቃ ባዶ ይሁን።»

«ባዶ መንገድ ለማን ነው የምንጠብቀው?» ብለው ሳቁበት።

«ለማላውቀው ሰው» አለ። ካልሠራ ከሥራዬ ልነሣ ብሎም ፈረመ።

የመጀመሪያው ሐሙስ መጣ። ከድሮው የባሰ ታነቀ። ሰልፉ ገበያው ውስጥ ገባ፣ ሰው ኢዮስያስን በስሙ እየጠራ ረገመው።

ሁለተኛው ጋሽ ወልደሩፋኤል ናቸው። የመንገድ ሥራው መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ኢዮስያስ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ቢያዩት ጠጋ አሉና ጠየቁት።

«ልጄ፣ መኪናውን ያስቆጠርከው መቼ ነው?»

«ኅዳር አሥራ ሁለት። ሐሙስ ነበር ጋሽዬ፣ ቀኑን አልተሳሳትኩም።»

«እሱማ የሚካኤል ዕለት ነው! በሚካኤል ማን ጋሪ ይጠምዳል? ኮምፒውተርህ ባለጋሪውን ያጣው፣ ባለጋሪው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ነው።»

«እኔ እኮ ሥራ ገብቼ ነበር።»

«አንተማ ገብተሃል» አሉት፣ እየሳቁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ ወልደሩፋኤል ጥበቃቸውን ትተው ድልድዩ አፍ ላይ ተቀመጡ። መጻፍ ብዙም አይሆንላቸውም። ሦስት መቁጠሪያ አወጡና ለእያንዳንዱ አላፊ በየዓይነቱ አንድ ፍሬ ያሳልፉ ጀመር፤ አርባ አንዱ ሲሞላ አንድ ጠጠር ይጥላሉ። ለመኪና ቀዩን ጠጠር፣ ለጋሪ ነጩን፣ ለከብት መንጋ ጥቁሩን። ሁለት ሐሙስ ከንጋት እስከ ማታ እንዲህ ቆጠሩ። በሁለተኛው ሐሙስ ከጥበቃ ሥራቸው ተባረሩ። ጠጠሩን በሦስት ከረጢት ለኢዮስያስ አስረከቡት፤ እሱም በዚያ ቁጥር ዕቅዱን እንደገና ሠራው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ መተንፈስ ጀመረ።

ሦስተኛው ሳጅን ጓንጉል ነው። ሜዳው ላይ ቆሞ ሰልፉን የሚያስቆምና የሚለቅ ትራፊክ ፖሊስ። ሰዓት በእጁ፣ የተራው ወረቀት በኪሱ፣ ፊሽካ በአፉ። ከወረቀቱ አንዲት ደቂቃ አያዛንፍም።

በየካቲት አንድ ሐሙስ ይርዳው ሽንኩርት ጭኖ ሜዳው ላይ ቆሟል። አስናቁን ጠዋት ደህና ትቷት ነው የወጣው። ፀሐዩ ከረረ፣ መንገዱ ወለል ብሎ ባዶ ነው፣ ግን ሂድ የሚለው የለም።

«ሳጅን! ፈረሴን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታችሁ አሰራችሁብኝ እኮ!»

«ዝም በል አንተ! ፈረስህ ካንተ ይሻላል፣ ሳይለፈልፍ ይጠብቃል።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ይርዳው ፊቱን አዞረና በልቡ፣ «ሚካኤል ሆይ፣ ይህን ባዶ መንገድ የፈጠረውን ሰው እጁን እሰርልኝ» ብሎ ጸለየ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ብሎ ጸለየ።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የሳጅን ስልክ ጠራ። አምቡላንስ ከጎሽ ሜዳ አሁን ወጥቷል፣ ምጥ የጠናባት ሴት ይዟል አሉት። ስምንተኛው ደቂቃ ሞላ። አምቡላንሱ ገና አይታይም። በሬዲዮ፣ «ልቀቅ! ወዲያ ማዶ ያንተን ተራ የሚጠብቀው ሰልፍ ረዝሟል፣ ልቀቅ!» የሚል ትእዛዝ መጣ። ሳጅን ጓንጉል ሬዲዮውን አጠፋና ሄዶ የመጀመሪያው ከባድ መኪና አፍንጫ ሥር ቆመ።

«ሳጅን፣ ሰዓቱ ሞልቷል!» አለው ሾፌሩ።

«በላዬ ላይ ንዳና እለፍ።»

አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። ከዚያ አምቡላንሱ እየጮኸ መጣና ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። ሲያልፍ ይርዳው በመስኮቱ የሚስቱን እህት አያት፤ እጇን አናቷ ላይ ጭናለች። ያን ጊዜ ነው ማን እንደተኛች የገባው። ሽንኩርቱ ላይ ተቀመጠ።

አስናቁ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሐኪሙ፣ «ሩብ ሰዓት ብትዘገዩ ሁለቱንም አናገኛቸውም ነበር» አለ። ወዲያ ማዶ ግን ሰልፉ ተዘርግቶ፣ አንዲት ሴት የወንድሟ ቀብር ሳትደርስ ቀረች። ከሰሰች፤ ሳጅን ጓንጉልም ትእዛዝ ጥሰሃል ተብሎ ከሥራ ታገደ።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሣ ነው። የክርስትና አባት ያስፈልገዋል፤ የክርስትና አባት ደግሞ አንድ ነው። ሦስቱም እኔ ልሁን እያሉ ወደ ይርዳው መጡ።

ኢዮስያስ፣ «ባዶውን መንገድ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እኔ ባላስቀምጠው ሳጅን የሚያስረዝመው ምን ነበረው?» አለ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል፣ «የሱ ባዶ መንገድ በመጀመሪያው ሐሙስ የት ነበር? ጋሪ መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር። ዓይን የሆንኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሳጅን ጓንጉል፣ «የሁለቱም ወረቀት ልቀቅ ይል ነበር። እሺ ብል ልጁ ድልድዩ ላይ ነበር የሚቀረው» አለ።

ይርዳው እያንዳንዱ ሲናገር «እውነት ነው» ይላል፤ ሦስት ጊዜ እውነት ነው አለ። በማግሥቱ ጭንቅላቱ ቢዞርበት ወደ ኢዮስያስ ሄደ።

«እስቲ ያንን ሐሙስ አሳየኝ።»

ኢዮስያስ ላፕቶፑን ከፈተ። መንገዱ ላይ ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፤ ቀይዋ አምቡላንስ ናት። «ሳጅን በወረቀቱ ቢሄድ፣ ከመቶው ሐሙስ በስልሳ ሁለቱ በሰዓቱ ትደርሳለች» አለው። «እንደቆመው ሲቆም ደግሞ በዘጠና አንዱ።»

«እንግዲያ ሳጅን ባይኖርም ልትደርስ ትችል ነበር?»

«ትችል ነበር።»

«በቆመበትም ላትደርስ ትችል ነበር?»

«አዎ፣ በዘጠኙ።»

ይርዳው ወደ ነጠብጣቡ ጠጋ አለ። «በዘጠኙ ላይ የሞተችው ማን ናት?»

«ማንም አይደለችም ጋሽ ይርዳው። ነጥብ ናት።»

«በዘጠና አንዱ የደረሰችውስ?»

«እሷም ነጥብ ናት።»

«ታዲያ የኔዋን ከየትኛው ልቁጠራት?»

ኢዮስያስ ነጠብጣቡን አቆመው።

«በጋሽ ወልደሩፋኤል ቁጥር ባይሆንስ? በሚካኤሉ ቁጥር ቢሆንስ ስንት ጊዜ ትደርስ ነበር?»

«አላየሁትም» አለና ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። «ማየትም አልፈለግኩም።»

ይርዳው ያን ሳምንት ጸሎት ላይ ሲቆም ቃሉ ይጠፋበት ጀመር። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ይላል፣ ግን ለየትኛው? ለባዶው መንገድ እንዳያመሰግን ረግሞታል። ለቁጥሩ እንዳያመሰግን አይገባውም። ለሳጅን እንዳያመሰግን ያቺ ቀብር ያመለጣት ሴት ትመጣበታለች። አስናቁን ቢጠይቃት፣ «እኔ ምን አውቄ? ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለፍኩት» አለችው።

አርባኛው ቀን ነጋ። ቄሱ ልጁን ከውኃው አወጡት፤ አለቀሰ፣ ጉሮሮው ጥርት ያለ ነው። ከደጀ ሰላሙ ጥግ ሦስቱ ሰዎች ቆመዋል። መሐንዲሱ በአዲስ ነጠላ፣ ሽማግሌው ያለ ሥራ፣ ሳጅኑ ያለ ደንብ ልብስ። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል።

«ይርዳው፣ ልጁ ይበርደዋል» አሉ ቄሱ። «ማን ይቀበለው?»

ይርዳው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ።

እናንተ የሰማችሁ፣ ልጁ እጃችሁ ላይ ቢሆን ፍረዱ፦ መንገዱን ባዶ ላደረገው፣ ያለውን ሁሉ ለቆጠሩት፣ ወይስ ትእዛዝ ጥሶ ለቆመው፤ ይህ ልጅ የሚገባው ለማን ነው?