የአናጢው ዘንግ

አንድ አናጢ ነበር፤ ስሙ ባይለየኝ ይባላል። የሠራው በር ስንት ክረምት ቢፈራረቅበት አይጣመምም። እንጨት ሲመርጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ትንሽ ጎበጥ ካለ ለማገዶ ይጥለዋል። ችግሩ ሰውንም እንደዚያው ማየቱ ነው። አንድያ ልጁ የዝና እሱ የመረጠላትን ባል አላገባም ስትለው፣ «እሺ በይ፤ አለዚያ ከቤቴ ውጪ!» አላት። ወጣች፤ አክስቷ ቤት ገባች። ሽማግሌ ቢላክበት እንኳ «እኔ ለልጅ አልጎነበስም» ብሎ መለሰ።

ቤቱ ጭር ሲል ግን አንጀቱ አልችል አለ። ናፈቀችው። ይቅርታ መጠየቁ ሞት ሆኖ ታየውና ዘዴ ፈለገ። የዝና ዓሣ ትወዳለች፤ ትልቅ ዓሣ ይዞ ቢሄድ፣ እሱ ዝም ቢልም ዓሣው ይናገርለታል።

ለዓሣ ማጥመጃም ዘንግ የመረጠው እንደ ልማዱ ነበር። ቀጥ ያለ፣ እንደ ብረት የጠነከረ ወይራ ጠርቦ ክርና መንጠቆ አሰረበትና ወደ ሐይቁ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ትልቅ ዓሣ ያዘለት። ሳብ ሲያደርገው ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ወፍራም ክር ቀየረ፤ ያም ተበጠሰ።

ትንሽ ራቅ ብለው አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቀጭን ሸምበቆ ይዘው ተቀምጠዋል። ባይለየኝ ያን ሸምበቆ ለአጥር እንኳ አይመርጠውም። ዓሣ ሲይዝላቸው ሸምበቆው ጫፉ ውኃ እስኪነካ ጎበጠ፤ ቀና አለ፤ ደግሞ ጎበጠ። አናጢው «አሁን ተሰበረ፣ አሁን ተሰበረ» እያለ አፉን ከፍቶ ያያል። በመጨረሻ ዓሣው ደክሞ ወጣ። ነገሩ ቢከነክነው ተነሥቶ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

«አያ ፈንቴ፣ የእኔ ክር ከእርስዎ ክር ይወፍራል። ለምንድን ነው የሚበጠሰው?»

«ዘንግህስ ተሰበረ?»

«ኧረ ወይራ ነው! ንቅንቅም አላለ።»

«ታዲያ ነገሩ እሱ ነዋ» አሉ፣ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ እያላቀቁ። «ዘንጉ አልጎብጥም ካለ፣ ዓሣው በታገለ ቁጥር ጉልበቱ ሁሉ ክሩ ላይ ያርፋል። አንተ ዘንግህ አለመሰበሩን ታያለህ። አንተንና ዓሣውን የሚያገናኘው ግን ክሩ ነው፣ ልጄ።»

ባይለየኝ «አልጎነበስም» ያለው ትዝ አለው። እውነትም እንደ ወይራው ንቅንቅ አላለም። ልጁ ግን ቤቱ የለችም።

ሽማግሌው አዝነው ዓሣቸውን ሊሰጡት ቢሉ አልተቀበለም። ዘንጉን እዚያው ትቶ ባዶ እጁን ወደ አክስቷ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው የዝና ነበረች።

«ልጄ፣ ያን ቀን ስትናገሪ አልሰማሁሽም» አላት። «እስቲ አሁን ንገሪኝ።»

የዝና አለቀሰች። ከዚያ በርጩማ አቀረበችለትና አጠገቡ ተቀመጠች።

ወዳጄ፣ ልጅ ዓሣ አይደለችም፤ በዘዴ አትጠመድም። ነገር ግን ከምንወደው ሰው ጋር የሚያገናኘን ክር ቀጭን ነው፤ እኛ ጎንበስ ካላልን ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። ብዙዎቻችን «አልተሸነፍኩም» ብለን ደረታችንን ነፍተን ስንሄድ የተበጠሰውን ዞር ብለን አናይም። አንተስ ዘንግህ ሳይሰበር ስንት ክር በጠስክ? ከእነዚያስ መካከል ዛሬ ሄደህ ልትቋጥረው የምትችለው የትኛውን ነው?