ሼዱ በማን ስም ይሁን

በአንድ ወቅት፣ ብዙም ሩቅ አይደለም፣ መንግሥት ሥራ ለሚፈጥር ሰው የቆርቆሮ ሼድ ይሰጣል ተብሎ አገሩ ሁሉ ወረዳ ደጅ ላይ በሚውልበት ጊዜ፣ ሦስት ጎረቤታሞች ነበሩ። ነገሩን እስክጨርስ ማንም እንዳይፈርድ። እናንተን አውቃችኋለሁ፤ ገና ስም ስጠራ አንዱን ወዳችሁ ሌላውን ትጠላላችሁ።

አንደኛው ልንገረው ይባላል፤ በያጅ ነው። ከብረት ጋር ይግባባል፤ ከሰው ጋር ወሬ አይሆንለትም። ገበሬው በቆሎውን በዱላ እየወቃ መዳፉ ሲላጥ አየና ከወዳደቀ የመኪና ብረት የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ለመሥራት ተነሳ። ሦስት ጊዜ ሠርቶ ሦስት ጊዜ አፈረሰው። በአራተኛው ማሽኑ አንድ ጆንያ በቆሎ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ፈለፈለ። ነገር ግን የቤት መብራት የእሱን ብየዳ አልችል አለ። ስሪ ፌዝ የሚሉት ትልቁ የመብራት መስመር ካልገባ አንድ ማሽን ሠርቶ ሁለተኛውን አይደግምም። ጓሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይቆዝም ጀመር።

አንጓች ደግሞ ምላስም እግርም አላት። «አንተ ሥራህን ሥራ፤ ወረዳውን ለኔ ተወው» አለችው። የጉልት ንግዷን ትታ ሁለት ዓመት ደጅ ጠናች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲሏት በር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ተቀየረ ሲሏት ለአዲሱ ከሀ ጀምራ አስረዳች። ፋይሉ ጠፋ ሲሏት የራሷን ቅጂ ከቦርሳዋ መዘዘች። በመጨረሻ ሼዱ ተገኘ። ባዶ ቆርቆሮ ነበር፤ ትልቁን መስመር ከምሰሶው ያስጎተተችው እሷው ናት። ማሽኑን የሚገዙትን የገበሬ ማኅበራትም ቀበሌ ለቀበሌ ዞራ ያመጣቻቸው እሷ ናት።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ አንድ እንቅፋት ነበር። ወረዳው «ሦስት ሳትሆኑ አትደራጁም» አለ። እነሱ ሁለት ናቸው።

አንጓች ስንዱ ቤት ሄደች። ስንዱ ኑግ በእጇ እየወቀጠች ዘይት የምትሸጥ፣ ሰው የማታስቀይም ሴት ናት። «እትዬ ስንዱ፣ ስምሽን ብቻ አውሽን» አለቻት። ይህ በኛ አገር ነውር አይደለም። ቁጥር የጎደለበት ሰው ከጎረቤት ስም ይዋሳል፣ ወንፊት እንደሚዋሰው። ስንዱ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። መታወቂያዋን ሰጠች፣ ፈረመች፣ ወደ ኑጓ ተመለሰች። ሼዱ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደጃፉን አልረገጠችም፤ ድርሻዬን ስጡኝም አላለች።

ሦስት ዓመት አለፈ። ለዘይት ሥራ ድጋፍ መጣ ተባለ፤ መጭመቂያ ማሽንም የሚሠሩበት ቦታም ይሰጣል። ስንዱ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ ተመዘገበች፣ ተራም ደረሳቸው። ጸሐፊው መዝገቡን አየና «ስምሽ ሌላ ማኅበር ውስጥ አለ። በአሥር ቀን ውስጥ መልቀቂያ ካላመጣሽ ተራችሁ ያልፋል» አላት።

ሼዱ ድረስ መጣች። «መልቀቂያ ጻፉልኝ» አለች።

አንጓች «እትዬ፣ አሁን ከለቀቅሽ ሁለት እንቀራለን፤ ሼዱን ይነጥቁናል። የወረዳው ግምገማ እስኪያልፍ ታገሽን፤ ከዚያ ወዲያ ሼዱን የሚነካብን የለም» አለቻት።

ልንገረው የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ ላይ መልሶ ሥራውን ቀጠለ። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ አልከለከለም፣ ጻፊላትም አላለም። አሥሩ ቀን አለፈ። መጭመቂያው ለሌሎች ተሰጠ። ሁለቱ ጓደኞቿ «ደብቀሽን ነው» ብለው ስንዱን ፊት ነሷት። እኔ ያን ሰሞን አይቻታለሁ፤ አንድ ጎረምሳ ልጅ የሞተባት ትመስል ነበር።

ግምገማው ደረሰ። ከወረዳው የመጣችው ባለሙያ ልጅ እግር ናት፣ ክፉ አይደለችም። «ሦስታችሁንም ልያችሁ» አለች። አንጓች ሮጣ ሄዳ ስንዱን አመጣቻት። መንገድ ላይ «ዛሬን ብቻ ቁሚልኝ፤ ነገ እጽፍልሻለሁ፣ በልጆቼ» እያለች ነበር። የብየዳ ጓንት አጠለቁላትና ማሽኑ አጠገብ አቆሟት።

«እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለች ባለሙያዋ።

ስንዱ ጓንቱን አወለቀች። «እኔ እዚህ ሠርቼ አላውቅም። ስሜ ነው የሚሠራው» አለች።

በዚያው ማኅበሩ ፈረሰ። ባለሙያዋ ግን አዘነችላቸው መሰለኝ፣ አንድ በር ተወችላቸው። «አሁን አዲስ መመሪያ ወጥቷል፤ ከሦስታችሁ አንዱ በግሉ ተመዝግቦ ሼዱን ሊይዝ ይችላል። አንድ ስም ነው የምቀበለው፤ እስከ ዓርብ። ካልሆነ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል» ብላ ቅጹን አስቀመጠች።

በአንዱ ስም አድርገው አብረው ለምን አይሠሩም ትሉኝ ይሆናል። እኛም ብለናል። ኑግ ዘይትና የብየዳ ፍንጣሪ አንድ ጣሪያ ሥር አይውሉም። ልንገረውና አንጓችም ቢሆኑ በዚያው ቀን ተበጣብጠዋል፤ እሱ «ብትጽፊላት ምን ነበረበት?» አላት፣ እሷ «አንተስ አፍ አልነበረህም?» አለችው። ከዚያ ወዲያ በሌላው ስም ሥር ለመግባት የሚደፍር ጠፋ። ነገሩን ሽማግሌ ላይ ጣሉት። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ምነው ባልሆንኩ።

ልንገረው አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «ማሽኑ ከኔ ጭንቅላት የወጣ ነው። ያለዚያ መስመር ግን እጄ ምንም አይደለም፤ የምመለሰው ወደ ቀን ሥራ ነው።»

አንጓች «እኔ ባልኖር ማሽኑ ጓሮ ውስጥ ዝጎ ይቀር ነበር። በያጅ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ንግዱን ትቶ ሁለት ዓመት ደጅ የሚጠና ሰው ግን አምጡልኝ» አለች።

ስንዱ «ስሜን ስትመልሱልኝ ተራዬ አልፎ ነበር» አለች። «ወረዳ ሄጄ ጠየቅኩ። መዝገቡ ላይ 'ድጋፍ የወሰደች' ይለኛል። ያልበላሁትን በልተሻል ተብያለሁ። ይህ ሼድ ካልሆነ ዳግመኛ የሚሰጠኝ የለም።»

አንደኛው ሽማግሌ «ማሽኑን ለፈጠረው» አለ። ሁለተኛው «ቤቱን ላቆመችው» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ቅጹ ፊቴ ነው፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ አንዲት መስመር ናት።

የጻፍኩትን አልነግራችሁም። ልክ ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አላውቀውም። እስቲ እናንተ፣ ቅድም ለመፍረድ የቸኮላችሁት፣ እስክሪብቶውን ያዙ። ማሽኑን የፈጠረው፣ ሼዱን ያስገኘችው፣ ወይስ ስሟን ያዋሰችው? የማንን ስም ትጽፋላችሁ?