የእትዬ ደብሪቱ ጉልበትና ስልኩ ያላየው ጽሑፍ

አንዲት ተረት ከደጋ ወርዳ ደጃችሁ ቆማለች፤ ውርጭ ነክቷታልና ግቢ በሏት። ሥራ ያለው ሰው እጁ ይሥራ፤ ጆሮው ግን እዚህ ይቀመጥ።

በመንዝ አገር፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍት ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ያነበቡ፣ ካነበቡት ውስጥ ጥቂቱን ብቻ የወደዱ ሴት ናቸው። ከሰው የሚፈልጉት ነገር አልነበረም፤ ሰውም ከእሳቸው የሚፈልገው እየቀነሰ ሄዶ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲበረታ አንድ ትንሽ ነገር ፈለጉ። ጉልበታቸውን በረዳቸውና ባና ፈለጉ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሸመን የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ከባድ፣ ኮስኳሳ፣ እሳት የሚያስንቅ።

ክሩን ክረምቱን ሙሉ ሲፈትሉ ከርመው ጨርሰዋል። በዘንቢል ይዘው ወደ ሸማኔው ወደ አጥናፉ ሄዱ።

“አጥናፉ፣ ባና ሽመንልኝ። ጉልበቴን በረደኝ።”

አጥናፉ ከሽመናው ጉድጓድ ወጥቶ፣ እግሩን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። “አልሸምንም፣ እትዬ” አለ። “ድር አንዴ ከተዘረጋ ለብዙ ባና ነው። ለእርስዎ አንዱን ብሸምን የቀረው ድር ለማን ሊሆን ነው? ለአይጥ? ገዢ የለም። እስከ ጥር ገዢ ካልመጣ ዕቃዬን ፈትቼ ሸዋ ሮቢት ለጥበቃ ሥራ እሄዳለሁ።”

“አንተ ጥበቃ? ዶሮ እንኳ ሲያይህ የማይሸሽ ሰው!”

“ይሳቁ። ገዢ ያምጡና ያኔ እሸምናለሁ።”

እትዬ ደብሪቱ ግን አልሳቁም። በከተማው ባና የሚሸምን ከአጥናፉ በቀር ማንም አልቀረም። እሱ ዕቃውን ከፈታ ባና የሚባል ነገር ከመጽሐፍ በቀር የትም አይገኝም፤ መጽሐፍ ደግሞ ጉልበት እንደማያሞቅ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ገዢው አልመጣም፤ ሸማኔው አልሸመነም፤ የእትዬ ደብሪቱም ጉልበት አልሞቀም።

ከዚያ ወደ ፀዳለ ሄዱ። ፀዳለ ዋናው መንገድ ላይ ስልክ የምትሸጥና የምትጠግን፣ ስለ ሰው ጉዳይ ከሰውየው በፊት የምታውቅ ሴት ናት።

“ፀዳለ፣ ገዢ የት ነው ያለው?”

“ገዢማ ስልክ ውስጥ ነው፣ እትዬ። የዛሬ ሰው ዕቃ ሲፈልግ ገበያ አይወጣም። ስልኩን ይጠይቃል፤ ስልኩ ወዳሳየው ይሄዳል።”

“እንግዲያው ስልኩ አጥናፉን ያሳየው።”

“አያሳየውም።”

“ለምን? ጠላው?”

“ስልክ አይወድም፣ አይጠላም። ያነባል እንጂ። ሰው የጠየቀውን ቃል ይዞ በየጽሑፉ ይዞራል፤ ስለዚያ የሚናገር ሲያገኝ ያሳያል። ስለ አጥናፉ ባና የተጻፈው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መምህር ልዑልሰገድ ብሎጋቸው ላይ የጻፉት። ጽሑፉ ስለምን እንደሆነ ለስልኩ አይናገርም። ይኸው፣ ያንብቡት።”

እትዬ ደብሪቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የጽሑፉ ርእስ “ከደመናው በላይ” ይላል። ሲጀምር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ “ለተከበራችሁና ለተወደዳችሁ አንባብያን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።” ቀጥሎ ገደሉ መጣ። ከገደሉ ቀጥሎ ጭላዳ ዝንጀሮው መጣ። ባናው የመጣው በመጨረሻው መስመር ሲሆን፣ እሱም በስሙ አልተጠራም፤ “ይህ ድንቅ የእጅ ሥራ” ተባለ።

“ደብዳቤ ነው እንዴ?” አሉ።

“የእኛ ሰው ሳይሳለም ወደ ጉዳይ መች ይገባል? ስልኩ ግን ወጋችንን አያውቅም። በር ላይ ሰላምታ ብቻ ሲሰማ፣ እዚህ ቤት የሚገኘው ሰላምታ ነው ብሎ ያልፋል።”

ጽሑፉ አልተናገረም፤ ስልኩ አላሳየም፤ ገዢው አልመጣም፤ ሸማኔው አልሸመነም፤ የእትዬ ደብሪቱም ጉልበት አልሞቀም።

ቀጥለው ወደ መምህር ልዑልሰገድ ሄዱ። ልዑልሰገድ ግቢው ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ስለ ጉም አዲስ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር።

“ልዑልሰገድ፣ ጽሑፍህን አቃናው። ስለ ባናው እንዲናገር አድርገው።”

“የቱን ልነካ፣ እትዬ? ደመናውን?”

“ደመናውን፣ ገደሉንና ዝንጀሮውን።”

“ኧረ እትዬ! እንቅልፍ አጥቼ የጻፍኩት እኮ ነው!”

“እኔም አንብቤው እንቅልፍ አግኝቻለሁ። ተመስገን በል፣ አልጠፋም።”

ልዑልሰገድ ተከፋ፤ ግን የባሕርይ ክፋት የለበትም። ጥቂት አሰበና “እሺ፣ በምን ቃል ልጻፈው?” አለ። “ባና ብዬ ብጽፍ፣ ባና የሚለውን ስም የሚያውቅ ባና ያለው ሰው ነው። ብርዱ የያዘው እንግዳ ለስልኩ ምን ብሎ እንደሚናገር በምን አውቃለሁ? እኔ የተወለድኩት ባና ውስጥ ነው፤ ፈልጌው አላውቅም። የሚፈልገውን ሰው ቃል ያምጡልኝ፣ ጽሑፉን አቃናዋለሁ።”

ይህ ሰው ከጻፈው ሁሉ የተናገረው ይሻላል ብለው አሰቡ እትዬ ደብሪቱ፤ ግን አልነገሩትም። ደራሲን ማመስገን እሳት ላይ እርጥብ ማገዶ እንደ መጨመር ነው፤ ጭሱ ይበዛል።

ቃሉ አልመጣም፤ ጽሑፉ አልተናገረም፤ ስልኩ አላሳየም፤ ገዢው አልመጣም፤ ሸማኔው አልሸመነም፤ የእትዬ ደብሪቱም ጉልበት አልሞቀም።

ብርድ ልብስ የሚፈልግ እንግዳ ከየት ይገኛል? ከመናኸሪያ። እትዬ ደብሪቱ በብትራቸው እየተደገፉ ወረዱ። እዚያ ከመተሐራ ጭነት ይዞ የመጣ ቦጋለ የሚባል ሹፌር፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክንዱን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። ጥርሱ እንደ ገበጣ ጠጠር ይንቀጫቀጫል።

“ልጄ፣ ብርድ ልብስ ብትፈልግ ስልክህን ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?”

“እ… እማማ… ብ… ብ… ብር…”

“ብር አልጠየቅሁህም። ቃል ነው የጠየቅሁህ።”

“ሻ… ሻ…” አለና በአገጩ የሻይ ቤቷን ሰብለን አሳያቸው።

ሻዩ አልተቀዳም፤ ሹፌሩ አልተናገረም፤ ቃሉ አልመጣም፤ ጽሑፉ አልተናገረም፤ ስልኩ አላሳየም፤ ገዢው አልመጣም፤ ሸማኔው አልሸመነም፤ የእትዬ ደብሪቱም ጉልበት አልሞቀም።

“ሰብለ፣ ለዚህ ምስኪን ሻይ ቅጂለት።”

“አልቀዳም፣ እማማ! ማን ይቅዳ?” ሰብለ ሕፃን ልጇን አዝላለች፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ እየተራገጠ ይጮሃል። “ሳዝለው ይራገጣል፤ ሳወርደው ያለቅሳል። ጎንበስ ስል የፈላው ላይ ሊወድቅብኝ ነው። የሚያቅፍልኝ ሰው ካልተገኘ ማንቆርቆሪያው እንደተጣደ ይዋል። ይኸው ስንቱ ወንድ ተጎልቷል፤ እጁን የሚዘረጋ ግን የለም!”

የተጎለቱት ወንዶች ሁሉ ወደ ሰማይ ተመለከቱ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

ሕፃኑ አልተኛም፤ ሻዩ አልተቀዳም፤ ሹፌሩ አልተናገረም፤ ቃሉ አልመጣም፤ ጽሑፉ አልተናገረም፤ ስልኩ አላሳየም፤ ገዢው አልመጣም፤ ሸማኔው አልሸመነም፤ የእትዬ ደብሪቱም ጉልበት አልሞቀም።

እትዬ ደብሪቱ ወደ ቀኝ አዩ፤ ወደ ግራ አዩ። የሚለምኑት ሌላ ሰው አልቀረም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና “ስጪኝ” አሉ።

“ያለቅሳል እኮ፣ እማማ።”

“ያልቅስ፤ ምክንያት አያጣም።”

ሕፃኑ አለቀሰ። ዓለም ላይ ያለውን በደል ሁሉ የሰማ ይመስል አለቀሰ። እሹሩሩ ቢሉት ባሰበት። እትዬ ደብሪቱ ልጅ አባብለው አያውቁም፤ የሚያውቁት ማንበብ ነው። የመጣላቸውንም በዝግታ ይሉት ጀመር፦ “ለተከበራችሁና ለተወደዳችሁ አንባብያን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ…” ሕፃኑ ዝም አለ። “ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል…” ዐይኑ ተከደነ። ገደሉ ጋ ሳይደርሱ አንገቱ ተጥሎ ተኛ። ልዑልሰገድ ይህን ቢሰማ ኖሮ ስለ ጉም የሚጽፈውን ወዲያው ባቆመ ነበር።

ሕፃኑ ተኛ፤ ሻዩ ተቀዳ። ሹፌሩ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፤ ደገመ፤ ተናገረም።

“ትናንት ማታ ምን ብዬ እንደጠየቅሁት ልንገርዎት፣ እማማ? ‘ለብርድ አገር የሚሆን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የት ይሸጣል?’ አልኩት። እሱ ምን ቢያሳየኝ ጥሩ ነው? የሆቴል ፍራሽ! ባሕር ማዶ ያለ!”

እትዬ ደብሪቱ ሕፃኑን ለእናቱ መልሰው፣ ያን ቃል እንዳይወድቅባቸው መንገዱን ሙሉ እየደገሙት ሄዱ። ለብርድ አገር የሚሆን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ። ያገኛቸው ሁሉ አሮጊቷ ነካቸው ብሎ አዘነ።

ልዑልሰገድ ሲሰማ “ረዘመ” አለ። “ብርድ ልብስ ብቻ ብለውስ?”

“በዚያ ቃልማ የዓለም ፋብሪካ ሁሉ ተሰልፏል። አጥናፉ ከሰልፉ ጅራት ቆሞ ጥር ያልፋል። ሰውየው ያለውን እንዳለ ጻፈው።”

ልዑልሰገድም ጻፈው። እንዴት አድርጎ ጻፈው መሰላችሁ? በማግስቱ ፀዳለ ሱቅ ሄደው ቢያነቡት እንዲህ ይላል፦ “የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚፈልጉ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ወዳጆች ሆይ፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሸማኔው አጥናፉ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን…” እስከ ታች ድረስ እንዲሁ ነው።

ፀዳለ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። “ስልኩ ይህንንም አያሳየውም፣ እትዬ! አንድ ቃል ሲደጋገምበት ሊያታልሉኝ ነው ብሎ ወደ ኋላ ይጥለዋል። ቢያሳየውስ የትኛው ሰው አንብቦ ይጨርሰዋል?”

ሕፃኑ ተኛ፤ ሻዩ ተቀዳ፤ ሹፌሩ ተናገረ፤ ቃሉ መጣ፤ ጽሑፉ ግን አበዛው፤ ስልኩ አላሳየም፤ ገዢው አልመጣም፤ ሸማኔው አልሸመነም፤ የእትዬ ደብሪቱም ጉልበት አልሞቀም።

ተመልሰው ልዑልሰገድ ደጅ ቆሙ።

“ልዑልሰገድ፣ ወጡ ላይ ጨው ጨምር ቢሉህ ጨው ላይ ወጥ ጨመርህ።”

“ቃሉን ጻፈው አላሉኝም?”

“ልኩን እወቅ ማለት ነው። ርእሱ ላይ አድርገው፤ የመጣው ሰው የት እንደገባ ይወቅ። መጀመሪያው መስመር ላይ በለው። መሐል ላይ ሲመጣልህ በለው፤ ካልመጣ ተወው። ከባናው ሥዕል ሥር ምን እንደሆነ ጻፍ። ከዚያ የበረደው ሰው የሚጠይቀውን መልስለት፤ እንዴት ይታጠባል፣ ምን ያህል ይከብዳል፣ ማን ይሸምነዋል፣ የት ይገኛል። ባና የሚለውንም ስም አስተምረው፤ ስሙ ከእኛ ጋር አይቀበር።”

“ሰላምታዬስ?” አለ ልዑልሰገድ በቀጭን ድምፅ።

 ሕፃኑ ትዝ አላቸው መሰል የእትዬ ደብሪቱ ፊት ጥቂት ላላ። “ለስንብት አድርገው” አሉ። “እዚያ ድረስ ያነበበ ሰው ሰላምታ ይገባዋል።”

አቃናው። እውነት ለመናገር፣ አሳምሮ አቃናው። ባና ከቤተሰብ ጋር እንዴት እንደሚያረጅ የጻፈውን እትዬ ደብሪቱ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ይህ ለእሳቸው ብርቅ ነው።

ስልኩ ወዲያው አልሮጠም። ስልክም እንደ መንዝ ሽማግሌ ነው፤ አይቶ፣ መዝኖ፣ ሰንብቶ ነው የሚናገር። ታኅሣሥ ገባ። አጥናፉ የዕቃውን ገመድ መፍታት ጀምሮ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ደብረ ብርሃን የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሴት ደወሉለት። “የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ብዬ ስልኬን ብጠይቀው እርስዎን አሳየኝ። እንግዶቼ እየተንቀጠቀጡ ነው፤ ለአልጋው ሁሉ እፈልጋለሁ። ባና ነው አይደል የምትሉት?” በሳምንቱ ራሳቸው መጥተው የአጥናፉን ክር በእጃቸው ዳሰሱ። ከእሳቸው በኋላ ከፍቼ ከተማ ደወሉ፤ ከጎባ ደወሉ። አጥናፉ የፈታውን ገመድ እየተሳደበ መልሶ አሰረ።

እንግዲህ ሕፃኑ ተኛ፤ ሻዩ ተቀዳ፤ ሹፌሩ ተናገረ፤ ቃሉ መጣ፤ ጽሑፉ በልኩ ተናገረ፤ ስልኩ አሳየ፤ ገዢው መጣ፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ሸመነ፤ የመጀመሪያውንም ባና አጣጥፎ፣ ተሸክሞ፣ እትዬ ደብሪቱ ደጅ ደረሰ።

ጉልበታቸው ላይ ዘረጋውና ጠብቆ ቆመ። “እንዴት ነው፣ እትዬ?”

እትዬ ደብሪቱ በመዳፋቸው አሹት። “ይኮሰኩሳል” አሉ።

ከዚያም እስከ ብብታቸው ስበው ለበሱት፤ ዐይናቸውንም ጨፈኑ።

ተረቴ ሞቋት ወጣች፤ በሩን ዝጉላት፣ ሙቀቱ ለእናንተ ይቅር።