የአንዲት ክፍል ቤት ጸሎት

አንድ እንዳለው የሚባል አናጢ ነበር። ትርንጎን አግብቶ ጎጆ በወጡበት ዘመን የሚኖሩት በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት፣ እሱ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት፣ ባልና ሚስቱ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ይቆማሉ። እሱ የዕለቱን ዳዊት ይደግማል፤ አብረው ይሰግዳሉ፤ ከዚያ በልባቸው ያለውን በራሳቸው አንደበት ለእግዚአብሔር ይነግሩታል። እንዳለው የማይነግረው ነገር አልነበረም። አልገጥም ስላለው መዝጊያ፣ ስላስቸገረው ደንበኛ፣ ልጅ ስለ መዘግየቱ፣ ሁሉንም ያወራው ነበር። ግድግዳው ስስ በመሆኑ ጎረቤቶቻቸው፣ "እነ እንዳለው ቤት እንግዳ አለ እንዴ?" እየተባባሉ ይስቁ ነበር።

ዘመን ሲያልፍ እንዳለው በከተማው የተከበረ ሰው ሆነ። የራሱን ቤት ሠራ። ምእመናኑም የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አድርገው መረጡት። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ አዲስ ሲሠራ ኃላፊነቱ በእሱ ላይ ወደቀ። ማልዶ ይወጣል፤ ስብሰባ ውሎ፣ ደክሞ ይገባል። ትርንጎ ብቻዋን መጸለይ ለመደች። አንድ ጠዋት ግን ጫማውን ሲያስር አይታ፣

"ዛሬ እንኳ አንድ ዳዊት ደግመህ ብትሄድ ምናለ?" አለችው።

"የእሱን ቤት ልሠራ አይደል የምሄደው?"

"እሱ ግን እዚህ ይጠብቅሃል።"

እንዳለው ሰዓቱን አየና ወጣ።

ሕንፃው አልቆ ቅዳሴ ቤቱ በተከበረ ሰሞን ትርንጎ ታመመች። ሐኪሞቹ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አሉ። ሊያስገቧት ሲሉ የባሏን እጅ ያዘችና፣ "እንዳለው፣ እንደ ድሮው ጸልይልኝ" አለችው።

እንዳለው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። "ቸሩ አምላካችን ሆይ፣ እንደሚታወቀው ባለቤቴ በአሁኑ ሰዓት..." ብሎ ጀመረና የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። በየስብሰባው የሚናገርበት ድምፅ ነበር።

ትርንጎ በሕመሟ ውስጥ ፈገግ አለች። "እንደማታውቀው ሰው እኮ ነው የምታናግረው" አለችው። አልጋዋን እየገፉ አስገቧት።

እንዳለው ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሚጸልይበት ቃል ፈለገ፤ አጣ። ያቺ ክፍል ትዝ አለችው። ዝናብ ሲጥል ከጣሪያዋ የሚወርደውን ጠብታ በሳፋ እየተቀበሉ፣ እየሳቁ የጸለዩበት ጠዋት ታወሰው። ያ ሁሉ ወሬ የት ሄደ? አንገቱን ደፍቶ፣ "ጌታዬ፣ ፈርቻለሁ" አለ። ከዚያ በላይ ማለት አልቻለም። ቆይቶ ግን፣ "ናፍቀኸኛል" የሚል ቃል ከአፉ ወጣ፤ ያን ጊዜ እንባው መጣ። ሐኪሙ ወጥቶ "ተርፋለች" እስኪለው ድረስ፣ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ያልነገረውን ለአምላኩ ሲነግረው ቆየ።

ትርንጎ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መቆም ስለማትችል እሷ አልጋዋ ላይ ሆና፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ ጠዋት ጠዋት መጸለይ ጀመሩ። መጀመሪያ ሰሞን አንደበቱ ይተሳሰርበት ነበር። አንዳንድ ቀን ዳዊቱን ከደገመ በኋላ የሚለው ያጣል።

"ምን ልበለው?" ይላታል።

"ዝም ብለህ ቁም። ዝምታህንም ይሰማዋል።"

ሊቀ መንበርነቱን አልተወም። ነገር ግን ስብሰባ በማለዳ እንዳይጠራ አደረገ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ "ጠዋት ቀጠሮ አለብኝ" ይላቸው ነበር።

ወዳጆቼ፣ ለእግዚአብሔር መሥራት መልካም ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር መኖርን ግን አይተካም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የማይነጋገሩ ባልና ሚስት ቀስ በቀስ ባዕድ ይሆናሉ። ጸሎት፣ ስግደትና ጸጥታ የተለየው እምነትም እንዲሁ ነው። ደግነቱ፣ የራቅነው እኛ እንጂ እሱ አይደለም።

እናንተስ ልባችሁን ከፍታችሁ ከእሱ ጋር ያወራችሁት መቼ ነበር? ያ ጊዜ ከናፈቃችሁ፣ ናፍቆቱ ራሱ የእሱ ጥሪ ነው።