በግራ እጅ የሚያዘው ማራገቢያ

በወይራ አምባ ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ማራገቢያዋን የምትይዘው በግራ እጇ ነው። በማራገቢያው ብራና ላይ ከእንጨት ቅርጽ የታተመች አንዲት ቆንጆ፣ ሹሩባ ተሠርታ፣ እንደ ጦር አዝማች ፈረስ ላይ ተቀምጣ፣ በጦር ፈንታ እንዝርት በግራዋ ይዛ ትታያለች። ሽማግሌዎች የዚህን ነገር መነሻ ሲያወጉ ከቀራጩ ከቀለመወርቅ ሚስት፣ ከይታይሽ ይጀምራሉ።

እንደሚነገረው የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ድልነሳ ለሴት ልጃቸው ሰርግ፣ እሳቸው ጦር ሰብቀው የሚታዩበት መቶ ማራገቢያ እንዲያትም ቀለመወርቅን አዘዙት፤ ካልደረሰ ከሰጡት መሬት እንደሚነቅሉትም ነገሩት። እሱ ሥዕሉን ብራና ላይ እንደጨረሰ ወባ ጣለው። ይታይሽ ሕፃኗን አዝላ፣ ሲሠራበት እያየች የለመደችውን መሮ አንሥታ፣ ሥዕሉን በብራናው እንዳለ ሳንቃ ላይ ቀረጸችው። በሰርጉ ዋዜማ ጠዋት ጥላሸት ቀብታ ብታትመው ጦሩ በግራ እጅ ሆኖ ወጣ።

«እንጨት ገልብጦ ነው የሚያትመው፤ አልነገርኩሽም?» አለ ባሏ ከመደቡ ላይ።

«መቼ ነገርከኝ? ስትንቀጠቀጥ ነው የከረምከው።»

«ሰውዬውን ግራኝ አደረግሻቸው። በቃ፣ ዕቃችንን ጠቅልይ።»

ይታይሽ ግን ሳንቃውን ስታይ ቆየች። ከእንጨት ላይ የተፋቀ አይመለስም፤ ጨምሮ መፋቅ ግን ይቻላል። ደግሞም የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ ስኂን ግራኝ እንደሆኑና ሰው ሲመጣ ያን እጃቸውን ኩታቸው ሥር እንደሚሸሽጉ አንድ ቀን አይታ ነበር። የሥዕሉን ጢም ፋቀችው፤ ጎፈሬውን እየሰነጠቀች ሹሩባ አወጣችለት፤ የጦሩን ዘንግ አሳጥራ፣ ጫፉን አድቦልቡላ እንዝርት አደረገችው፤ መቶውንም ስታትም አደረች።

በሰርጉ ዕለት ፊታውራሪ ማራገቢያውን አገላብጠው አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይችን ሴት ፈረሴ ላይ ማን አወጣት?»

 

ወይዘሮ ስኂን ሥዕሉን ረጋ ብለው አይተው፣ «ጌታዬ፣ የለበሱት ኩታ በየትኛው እጅ የተፈተለ ይመስልዎታል?» አሉና ግራ እጃቸውን አውጥተው፣ ማራገቢያውን ከባላቸው እጅ ተቀብለው ይራገቡ ጀመር።

ፊታውራሪ የኩታቸውን ጥለት ዳሰስ አደረጉ ይባላል። «ይህን ሁሉ ዘመን በግራ እጅ ተሸፍኜ ነው የኖርሁት?» ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው። ያኔ ሙሽራዪቱ እንደ እናቷ ማራገቢያዋን በግራዋ አነሣች፤ ሴቶቹም እልልታውን አቀለጡት። መሬቱ ለቀለመወርቅ ጸና፤ መሮው ግን ከይታይሽ እጅ አልወጣም።

ሳንቃው ዛሬም ከልጅ ልጆቿ ቤት አለ። በጥድፊያው ሳይፋቅ የቀረ አንድ የጢም ጭረት ከቆንጆዋ አገጭ ላይ ይታያል፤ የወይራ አምባ ሙሽራም ያንኑ ጭረት ማራገቢያዋ ላይ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ስቃ፣ በግራዋ እየተራገበች ትወጣለች።